ቁስሉ ይረፍ፣ ሰውየው ይነሳ

እ.ኤ.አ. በ1845 ዓ.ም. በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም በግቢው ውስጥ ባሠራት ትንሽ ሆስፒታል በባርነት የተያዙ ሴቶችን አስተኝቶ ፊስቱላን በቀዶ ጥገና የመድፈን ሙከራ ጀመረ (ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ፊስቱላ ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሕፃኑ ጭንቅላት የፊኛን ግድግዳ ተጭኖ የሚያቆስልበት፣ ቁስሉም ቀዳዳ ሆኖ ሴቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር የሚሳናት ጉዳት ነው። ሲምስ ማደንዘዣ አልተጠቀመም፤ በባርነት ያለች ሴትም እምቢ የማለት መብት አልነበራትም። የመጀመሪያዋ ታካሚ ሉሲ ከተሰፋች በኋላ ሽንቱን እንዲመጥ ተብሎ ፊኛዋ ውስጥ የተተወው ስፖንጅ ሞት አፋፍ አድርሷት ነበር፤ ለማገገም ሁለት ሦስት ወር ፈጀባት። አናርቻ የተባለችው ደግሞ 30 ጊዜ ያህል ከተቀደደችና ከተሰፋች በኋላ በ1849 ቀዳዳዋ ተዘጋ። የሲምስ ስም ዛሬ የሚነሳው ወይ ለስፌት በተጠቀመበት የብር ክር ወይ በእነዚህ ሴቶች ላይ ባደረሰው ግፍ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ግን ከስፌቱ በኋላ ያደርገው የነበረው ነገር ነው። ፊኛው ሞልቶ ስፌቱን እንዳይወጥር ቱቦ ያስገባል፤ አንጀት እንዳይንቀሳቀስ ኦፒየም ይሰጣል፤ ሴትየዋንም አልጋ ላይ አጋድሞ ያቆያታል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ተጣምረው ይታያሉ። አንዱ የተሰፋው የሰውነት ክፍል ይረፍ ይላል፤ ሌላው የሰውነቱ ባለቤትም አብሮ ይረፍ ይላል። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ነገር ተቆጠሩ። የመጀመሪያው እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ሁለተኛውን ለመፈተሽ ግን ሕክምና ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀበት፤ ሲፈተሽም ብዙ ሰው የገደለው እሱ ሆኖ ተገኘ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ምን ይጠብቀኛል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የዛሬው ምክር፣ በማግስቱ ተነሣ፣ ብላ፣ ተራመድ የሚለው፣ ጭካኔ ወይም የአልጋ ማስለቀቂያ ዘዴ የሚመስለው ይህን ታሪክ ሳያውቅ ሲቀር ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1846 ቦስተን ውስጥ ኤተር ሕመምን ማደንዘዝ እንደሚችል በይፋ ታየ፤ ቢላዋ ከዚያ በኋላ ደፋር ሆነ። ከ1860 ጀምሮ በለንደን የጋይ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ጆን ሂልተን ስለ ዕረፍት ፈዋሽነት ተከታታይ ትምህርት ሰጠ፤ በ1863ም በመጽሐፍ አሳተመው። የሂልተን መከራከሪያ ቀላል ነበር። ሕመም ሰውነት የተጎዳውን ክፍል አታንቀሳቅሱብኝ የሚልበት ምልክት ነው፤ የሐኪም ሥራም ያንን ትእዛዝ ማክበር ነው። ለተሰበረ አጥንትና ለተቆጣ መገጣጠሚያ ይህ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። መጽሐፉ ለትውልዶች ሲነበብ ግን ስለ መገጣጠሚያ የተነገረው ስለ መላ ሰውነት የተነገረ እየመሰለ ሄደ። የዘመኑን ሐኪሞች በዚህ ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቁስል ሁሉ መግል ይዞ፣ ትኩሳት አስነስቶ፣ ብዙ ጊዜም ገድሎ በሚያልፍበት ዘመን ታካሚውን አለመነካካት ያለው አማራጭ ይመስላል። በነሐሴ 1865 ጆሴፍ ሊስተር ግላስጎው ውስጥ የጋሪ ጎማ እግሩን የሰበረውን የ11 ዓመት ልጅ ቁስል በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነ፤ ልጁ ሳያመረቅዝ በስድስት ሳምንት ዳነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ሆድን ከፍቶ መዝጋት የዘወትር ሥራ ሆነ። ለአልጋው ምክንያት የነበረው መግል እየቀነሰ ሄደ፤ አልጋው ግን አልቀነሰም። ሆዱ የተከፈተ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት በጀርባው መተኛቱ የጥሩ ሐኪም ጥንቃቄ ተደርጎ ይታይ ነበር።

ይህን ልማድ መጀመሪያ በግልጽ ከተጋፉት አንዱ የቺካጎው የማኅፀን ሐኪም ኤሚል ሪስ ነው። በ1899 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ሆዳቸው ወይም ማኅፀናቸው የተቀደደ ታካሚዎቹን ቶሎ እያበላ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከአልጋ እንደሚያስነሳ፣ ስፌታቸውም እንዳልተተረተረ ዘገበ። በጀርመን ጥቂት ሐኪሞች ተከተሉት፤ አብዛኛው ሙያተኛ ግን ጆሮውን ነፈገው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1902 ሰኔ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት የቋጠረውን መግል ፍሬድሪክ ትሬቭስ ቀዶ አፈሰሰላቸው። በማግስቱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ሲያጨሱ ተገኙ ይባላል። ዘውዱ በነሐሴ ተጫነ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ከንጉሡ ቀና ማለት ግን ማንም ትምህርት የወሰደ አይመስልም።

ለምን? ተቃዋሚዎቹ በእጃቸው አስፈሪ ማስረጃ ነበራቸው። በደህና እያገገመ የነበረ ታካሚ በአሥራ ምናምነኛው ቀን ተፈቅዶለት ከአልጋ ሲነሣ፣ ወይም ሽንት ቤት ሲሄድ፣ ትንፋሽ አጥሮት ወድቆ ይሞታል። ይህን በዓይኑ ያየ ሐኪም መነሣት ይገድላል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። የጀርመኑ ሩዶልፍ ፊርኾ ግን ሳንባን የሚዘጋው የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ከእግር ደም መልስ ሥሮች ተነቅሎ የሚሄድ መሆኑን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አሳይቶ ነበር። ደም በእግር ውስጥ የሚረጋው ሰውየው ተጋድሞ የባቱ ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ መግፋት ባቆመባቸው ቀናት ነው፤ መነሣቱ የሚያደርገው አስቀድሞ የተሠራውን ጓል መንቀል ብቻ ነው። ማለትም በአሥራ ሁለተኛው ቀን የተፈጸመው ሞት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልጋ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የተሳሳተው ድምዳሜ ግን ራሱን ይመግብ ነበር፤ ሰው ሲነሣ በሞተ ቁጥር የሚቀጥለው ታካሚ ይበልጥ እንዲተኛ ይደረጋል፣ ይበልጥ በተኛ ቁጥር ይበልጥ ይረጋበታል።

ክቡ የተሰበረው በሁለት ነገር ነው፤ በአንድ ግትር የዲትሮይት ሐኪምና በጦርነት። ዳንኤል ላይትሃውዘር በ1938 ትርፍ አንጀቱን ያወጣለት አንድ ታካሚ አልተኛም ብሎ በማግስቱ ቤቱ ገባ፤ ያገገመበትም ፍጥነት ሐኪሙን አስገረመው። ላይትሃውዘር ከዚያ በኋላ ታካሚዎቹን ሆን ብሎ በመጀመሪያው ቀን ማስነሣት ጀመረ፤ በ1946ም ልምዱን በመጽሐፍ አወጣ። በመካከሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ አልጋውም ነርሱም ጠፋ፤ ብዙ ሆስፒታሎች ወደው ሳይሆን ተገደው ታካሚን ቶሎ ማስነሣት ያዙ። የተፈራው የስፌት መተርተር አልመጣም። ምክንያቱም አዲስ ቁስል በመጀመሪያው ሳምንት የራሱ ጥንካሬ ከጤናማ ቆዳ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ሆዱን ይዞ የሚያቆየው ክሩ ነው፣ ክሩ ደግሞ ሰውየው ተኛም ቆመም ያው ክር ነው። እንዲያውም አልጋ ላይ የሚያስለው ሰው ስፌቱን ቀስ ብሎ ከሚራመደው ይበልጥ ይወጥረዋል። ቁስሉ በሦስተኛው ሳምንት ከመቶ 20 እስከ 30፣ በሦስተኛው ወር ከመቶ 80 ገደማ ጥንካሬውን ያገኛል፤ ከባድ ዕቃ አታንሣ የሚለው ምክር ለሳምንታት የሚዘልቀው በዚህ የተነሣ ነው። መራመድና ጆንያ መሸከም ለስፌት አንድ አይደሉም።

በጀርባው ለተጋደመ ሰው ሳንባ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሆዱ ስለሚያመው ትንፋሹን ያሳጥራል፤ የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር አጥቶ ይጨማደዳል፤ አክታው እዚያው ይቀመጥና የሳንባ ምች ይጀምራል። ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ሆድን በትራስ ደግፎ መሳል፣ በጥልቅ መተንፈስ፣ ጥቂት እርምጃ መራመድ፣ ፊዚዮቴራፒስቶች ዛሬ የሚወተውቱበት ይህ ሁሉ የተጨማደደውን መልሶ ለመክፈት ነው። በ1944 ዊሊያም ዶክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ፍጹም የአልጋ ዕረፍት የሚያስከትላቸውን ጉዳቶች ዘርዝሮ ጻፈ። በ1947 እንግሊዛዊው ሪቻርድ አሸር በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አልጋ አደገኛ ቦታ ነው ሲል በፌዝ የተሞላ ጽሑፍ አወጣ። ፌዙ ለሙያው አስፈላጊ ነበር፤ በክብር የተለበሰ ልማድ አንዳንድ ጊዜ በክርክር ከመሸነፉ በፊት መሳቂያ መሆን አለበት።

ታሪኩ ግን ቀጥ ብሎ ወደፊት አልሄደም። ሰውየው ከአልጋ መነሣት በጀመረባቸው በእነዚያው ዓመታት አፉ ተዘጋ። በ1946 ከርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የማኅፀን ሐኪም 44,016 ወሊዶችን መርምሮ፣ በማደንዘዣ ውስጥ ሳሉ የጨጓራቸው ይዘት ወደ ሳንባቸው የገባ 66 እናቶችን አገኘ። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር፤ አተገባበሩ ግን ከልክ አለፈ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም አይቅመሱ የሚለው ደንብ ለሁሉም ሰው፣ ለውሃም ጭምር ሆነ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ጋዝ እስኪወጣ ድረስ ታካሚው በግሉኮስ ብቻ እንዲቆይ ተፈረደበት። ኋላ ሲጠና ግን ንጹሕ ፈሳሽ ከጨጓራ በፍጥነት እንደሚያልፍ ታወቀ፤ በ1999 የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር ቀዶ ጥገናው ሊጀመር ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ውሃ መጠጣት፣ ስድስት ሰዓት እስኪቀረው ቀለል ያለ ምግብ መብላት እንደሚቻል ደነገገ። ቀጭኑ አንጀትም ከቀዶ ጥገና በኋላ በሰዓታት ውስጥ ሥራውን ይጀምራል፤ የሚዘገየው ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅበት ትልቁ አንጀት ነው። የጋዝ መውጣት የትልቁን አንጀት መንቃት ያበሥራል እንጂ ከዚያ በፊት መብላት ክልክል መሆኑን አያረጋግጥም። ሾርባና አጥሚት ይዘው ሆስፒታል በር ላይ የሚመለሱ እናቶች በዚህ ነጥብ ከሐኪሙ የተሻለ ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዝም ብለህ ተኛ በሚለው ላይ ግን አብረው ተሳስተዋል።

አልጋ ጤነኛውን ሰው እንኳ ምን እንደሚያደርገው በቁጥር የታየው በ1966 ነው። ዳላስ ውስጥ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ፤ ሰውነታቸው በከፍተኛ ጥረት ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚያው አምስት ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና ሲለኩ፣ የሠላሳ ዓመት እርጅና የቀነሰባቸው አቅም ሦስት ሳምንት አልጋ ከወሰደባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከሆስፒታል የወጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ሲከዳው ወይም ከሰዓት በኋላ ድካም ሲጫነው ቀዶ ጥገናው የተበላሸ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን ሰውነቱ ለቁስሉ የከፈለውና አልጋው የነጠቀው ድምር ነው፣ ለመመለስም ሳምንታት ይፈልጋል። በ1975 ደግሞ ካካር በተባለ ሐኪም የተመራው ዓለም አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑና ከባድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው 4,121 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን በትንሽ መጠን ሰጠ። በረጋ ደም ሳንባቸው ተዘግቶ የሞቱት ካልተሰጣቸው ወገን 16፣ ከተሰጣቸው 2 ነበሩ። የሪስን ባላንጣዎች ያሸበረው ገዳይ በመጨረሻ መከላከያ አገኘ።

እስከዚህ ድረስ አንድ ቅሬታ ሳይመለስ ቆይቷል፤ ያማል። ሆዱ የተሰፋ ሰው ተነሣ ሲባል የሚሰማውን በንድፈ ሐሳብ ማስተባበል አይቻልም። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ክብር የሚገባው ይህን ቅሬታ እንደ ስንፍና ስላልቆጠረው ነው። ኬሌት ሕመሙ ራሱ ሰውነትን የሚያውክ መሆኑን፣ ሕመሙን ለማብረድ በብዛት የሚሰጠው ሞርፊን ደግሞ አንጀትን እንደሚያስተኛ፣ እንደሚያቅለሸልሽና እንደሚያፈዝዝ አይቶ፣ ወገብ ላይ በሚሰጥ ማደንዘዣና በሌሎች ማስታገሻዎች ድብልቅ ሞርፊኑን መቀነስን የሁሉ ነገር ቁልፍ አደረገው። በ1995 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ዘገባ የአንጀት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ጥቂት አረጋውያን፣ በተለመደው አሠራር ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚተኙት፣ በሁለት ቀን ገደማ ቤታቸው ገቡ። በ2001 የሰሜን አውሮፓ ሐኪሞች ቡድን ይህን መንገድ ደንብ አድርጎ ለማስፋፋት ተነሣ፤ በ2010ም ቡድኑ በስዊድን ማኅበር ሆኖ ተቋቋመ። ማስታገሻ እንግዲህ ታካሚው እንዲተነፍስ፣ እንዲስልና እንዲራመድ የሚሰጥ ነገር ሆነ። ሕመሙን ችሎ ሳይነቃነቅ መተኛትን እንደ ጀግንነት የሚቆጥር ሰው በማግስቱ የሚያጋጥመው ሳንባው ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው የሚለው ነው። አልጋ ቶሎ ሲለቀቅ ሆስፒታል ያተርፋል፣ ኢንሹራንስ ይቆጥባል። ቅሬታው ሐሰት አይደለም፤ ጦርነቱ ራሱ ለውጡን የገፋው በአልጋ እጥረት እንደነበር አይተናል። ሆኖም አንድን ግኝት የፈለገው ሰው ማን መሆኑ ግኝቱን እውነት ወይም ሐሰት አያደርገውም። በ1999 ላንሴት ላይ ሦስት ተመራማሪዎች ስለ አልጋ ዕረፍት የተደረጉ 39 ሙከራዎችን ሰብስበው አወጡ። ከእነሱ 24ቱ ዕረፍት ከአንድ የሕክምና ሂደት በኋላ የታዘዘባቸው ነበሩ፤ ከእነዚህ በአንዱም ዕረፍቱ በማያጠራጥር ሁኔታ ያሻሻለው ውጤት አልተገኘም፣ በተወሰኑት ግን አባብሷል። ገንዘብ ቆጣቢዎቹ ባይኖሩም ቁጥሩ ያው ነው። የገንዘቡ ጥያቄ በእርግጥ የሚነሣው ቶሎ ስለመነሣት ሳይሆን ቶሎ ስለመሸኘት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ እንደገና መለየት ያለባቸው ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ቅሬታ ከሁሉ ይከብዳል፤ ዕረፍት የግድ የሚያስፈልጋቸው ስፌቶች አሉ። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ፊስቱላ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ፤ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ከሩቅ ገጠር ከሚመጡት ሴቶች አንዳንዶቹ ሽንቱ ይቆም እንደሆነ ብለው ቤታቸው ውስጥ ለወራት፣ ከዚያም በላይ፣ ተኮራምተው የተኙ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ታጥፎ ስለሚቀር ከቀዶ ጥገናው በፊት እግራቸውን የሚዘረጋላቸው ፊዚዮቴራፒ ያስፈልጋቸዋል። መተኛት ቀዳዳውን አልደፈነውም፣ እግራቸውን ግን ወሰደው። ከስፌቱ በኋላ ፊኛው በእርግጥ ማረፍ አለበት። የሚያሳርፈው ግን ቱቦው ነው። ሴትየዋ ብዙ ውሃ ትጠጣለች፣ ቱቦው ሳይቋረጥ ያንጠባጥባል፣ አልጋዋ ደረቅ መሆኑ ይታያል፤ ቱቦውን ይዛም መነሣትና መራመድ ትችላለች። ሲምስ አንድ ላይ የጠፈራቸው ሁለት ዕረፍቶች እዚህ ተፈቱ። የቱቦው ዕድሜ እንኳ ተፈተሸ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስምንት የአፍሪካ አገሮች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች 524 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2015 በላንሴት የወጣ ጥናት፣ ያልተወሳሰበ ፊስቱላ ላላቸው ሴቶች ቱቦውን ለ14 ቀን ማቆየትን ለ7 ቀን ከማቆየት ጋር አወዳደረ። ስፌቱ የከሸፈው በ7 ቀኑ ወገን ከ250 ሴቶች 10፣ በ14 ቀኑ ከ251 ሴቶች 8 ሲሆን፣ ልዩነቱ አጭሩን ጊዜ የሚያስጥል አልነበረም። ማረፍ ለሚገባው አካል እንኳ የዕረፍቱ ልክ ሲለካ ከተለመደው ግማሽ ሆኖ ተገኘ።

ቶሎ መነሣትን ከቶሎ መሸኘት የሚለየው ማስረጃ ደግሞ በ2018 መጣ። በ25 የአፍሪካ አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች፣ ከ11,000 በላይ ታካሚዎችን ለሰባት ቀን የመዘገበው ጥናት እንዳሳየው፣ ታካሚዎቹ ከሌላው ዓለም ይልቅ ወጣቶችና አስቀድሞ የነበረባቸው አደጋ ያነሰ ሆኖ ሳለ የመሞት ዕድላቸው ከዓለም አማካይ እጥፍ ነበር። ከሞቱት 239 ሰዎች 225ቱ የሞቱት ከቀዶ ጥገናው ቀን በኋላ ነው፤ ገዳዩ ከጠረጴዛው ይልቅ ዋርዱ ውስጥ ነበር። ተመራማሪዎቹ ለአደጋ የተጋለጡትን ለይቶ በቅርብ መከታተል ይረዳ እንደሆነ በ2021 ባወጡት ሁለተኛ ጥናት ፈተሹ፤ ሞቱ አልቀነሰም። የጎደለው ነርስ በትእዛዝ አይሞላም። ስለዚህ በእኛ ሆስፒታሎች ታካሚን በመጀመሪያው ቀን ማስነሣት ተገቢ ሲሆን፣ በሁለተኛው ቀን ወደ ቤት መስደድ ግን መንገድ፣ ስልክና ተመልሶ የሚገባበት አልጋ መኖሩን ይጠይቃል። በሌሊት ከአልጋው ጎን መሬት ላይ የሚተኛው አስታማሚ ብዙ ጊዜ ብቸኛው ጠባቂ ነው፤ በመሸኛ ወረቀት ላይ የሚጻፈውም ለእሱ በሚገባው ቋንቋ መነገር አለበት። ቁስሉ አካባቢ እየባሰ የሚሄድ መቅላትና መግል፣ ከቀናት በኋላ የሚነሣ ትኩሳት፣ የአንድ ባት ማበጥና መጠዝጠዝ፣ ድንገተኛ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም ትውከት፣ ሽንት አለመምጣት፤ ከእነዚህ አንዱን ያየ አስታማሚ እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም። ቀሪው፣ ሲነሡ ማዞሩ፣ የእንቅልፍ መዛባቱ፣ የስፌቱ ማሳከክ፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላም የሚመለሰው ድካም፣ የሚጠበቅ ነው።